በተሽከርካሪ ወንበር የቅርጫት ኳስ ለመመልከት፤ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እስከ ስታዲየም በር

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ከጉና ተራራ ደጋ ተነስተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች ቁልቁል የሚወርዱ አካባቢዎች ናቸው። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በአብዛኛው የሚታየው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በሚገኝ ሜዳ ነው። የክለቦችን ውድድር መመልከት የሚሻ ነዋሪ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ይኖርበታል።

ለብዙው ተመልካች ይህ የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ጉዞው ከቤቱ ደጃፍ እስከ መመልከቻ ቦታው ድረስ እርስ በርስ የተያያዙ በርካታ መሻገሪያዎች አሉት። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሲጎድል የቀሩት ቢሟሉም ጥቅም አይሰጡም። የሕንፃ ሕግ ትኩረት የሰጠው ለሕንፃው መግቢያና ለመጸዳጃ ቤቱ ሲሆን፣ ተመልካቹ በሩን ካለፈ በኋላ ጨዋታውን ማየት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ እምብዛም አልተነሳም።

የሕጉ ድንጋጌዎች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የመደገፍ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀበለውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት በጠቅላላው የሚናገር ሲሆን፣ አንቀጽ 30 ደግሞ አካል ጉዳተኞች በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ይኸው አንቀጽ በንዑስ ቁጥር 5 አባል አገሮች አካል ጉዳተኞች ወደ ስፖርት፣ ወደ መዝናኛና ወደ ቱሪዝም ሥፍራዎች መግባት እንዲችሉ እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል። ይህም ለስፖርተኛው ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹም የተሰጠ መብት ነው።

በአገር ውስጥ ሕግ ጉዳዩን በቀጥታ የነካው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው። አዋጁ በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። መጸዳጃ ቤት ግዴታ በሆነበት ሕንፃ ሁሉም በቂ ቁጥር ያላቸው መጸዳጃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተስማሚ ሆነው እንዲዘጋጁ አዟል። የግንባታ ፕላን መርምሮ የማጽደቅ ሥልጣን የተሰጠው በየከተማው ለሚሰየመው የሕንፃ ሹም ስለነበር፣ አንድ የስፖርት አዳራሽ በደረጃ ብቻ የሚገባበት ሆኖ ከተሠራ ስህተቱ የተፈጠረው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት፣ ፕላኑ ጠረጴዛ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

አዋጁ ራሱ ስለ መቀመጫ ቦታና ስለ እይታ በዝርዝር አይናገርም። የቢሮና የሆስፒታል ሕንፃ ተገልጋይ በሩን አልፎ ወደ መስኮቱ ከደረሰ ጉዳዩ ይፈጸምለት ይሆናል። ስታዲየም ግን ሰው የሚገባበት ምክንያት ለማየት ስለሆነ ከሌሎች ሕንፃዎች ይለያል።

ስንት ሰው ነው?

የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር በተመለከተ የሚጠቀሱት አኃዞች እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይራራቃሉ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ብዛት ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ ገደማ አድርጎ አስቀምጦታል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረጉት የዓለም የአካል ጉዳት ሪፖርት በበኩሉ ለኢትዮጵያ 17 ነጥብ 6 በመቶ የሚል ግምት ይዟል። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ከአጠያየቁ ነው። “በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስና “መራመድ፣ ማየት ወይም መስማት ያስቸግርዎታል ወይ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ አንድ አይደለም። በቤት ውስጥ የሚኖርን የአካል ጉዳት ለእንግዳ መናገር የማይወድ ቤተሰብም ጥቂት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተሽከርካሪ ወንበር አቅርቦት መመሪያ ከአንድ አገር ሕዝብ አንድ በመቶ ያህሉ ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያስፈልገው ገምቷል። የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደነበረ ሲታሰብ፣ በዚህ ስሌት በዞኑ 20 ሺህ ያህል ሰዎች ወንበሩ ያስፈልጋቸው ነበር ማለት ነው። ይህ በግምት ላይ የተመሠረተ ስሌት እንጂ የተቆጠረ ቁጥር አይደለም። ሆኖም በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ አደባባይ በገበያ ቀን የሚታዩት ወንበሮች በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ፣ ምክንያቱ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አለመኖር ሳይሆን ሰዎቹ ከቤት አለመውጣታቸው እንደሆነ ስሌቱ ይጠቁማል።

ከቤት እስከ መናኸሪያ

ከነፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር ያለው ርቀት 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ መውጫ የሚገኘው በቻይና እርዳታ በተሠራውና ሕዝቡ “የቻይና መንገድ” እያለ በሚጠራው የወረታ - ወልድያ መንገድ ላይ በመሆኑ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል አለው። ከዋናው መንገድ ወጣ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ዋናው መንገድ ላይ መድረስ ይኖርበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የጋይንት ደጋ ክረምቱ ከባድ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጭቃው ለእግረኛም ያስቸግራል። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራው፣ የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ የሆኑት ታጣፊ ወንበር በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጎማው እየተቀረቀረ ወደ ፊት ይደፋል። በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ወንበር በጠጠር መንገድ ላይ ይሻላል፤ ነገር ግን ረጅምና ከባድ ስለሆነ በጠባብ በር አይገባም፣ ታጥፎም በመኪና አይጫንም። ስለዚህ ወደ ከተማ የሚያደርሰው ወንበር ወደ አዳራሽ የማያስገባ፣ ወደ አዳራሽ የሚያስገባው ደግሞ ከቀበሌ የማያወጣ ሆኖ ይገኛል።

ወንበር የሌለው ሰው የሚጓዝበት መንገድ የታወቀ ነው። በዚህ አካባቢ ሕመምተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረስ የኅብረተሰቡ የቆየ ግዴታ ሲሆን፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በየተራ ይሸከማል። ለሕክምና ሲሆን ማንም አይጠየቅበትም። ለኳስ ጨዋታ ግን ቃሬዛ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም፤ ቢኖርም መጠየቁ ራሱ ያሳፍረዋል። በራስ ወንበር መሄድ መቻል ትልቅ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የሌላውን ሰው ጊዜና ትከሻ ሳይለምኑ ለመዝናናት ብቻ ከቤት መውጣት ያስችላል።

በመናኸሪያ የሚጠብቀው ችግር ሌላ ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በር ከፍታና ጠባብነት ተሳፋሪው በሰው እቅፍ ካልሆነ እንዳይገባ ያደርጋል። ረዳቱና ተሳፋሪው አንስተው ያስገቡታል፤ ወንበሩም በጣሪያው ላይ ከጆንያና ከዶሮ ቅርጫት ጋር ይታሰራል። መልካም ፈቃድ በአብዛኛው አይታጣም። አነሳሱን የማያውቅ ሰው ግን በብብት ሥር ብቻ ይዞ ሲያነሳ የተሸካሚውንም የተሳፋሪውንም አካል ሊጎዳ ይችላል፤ ወንበሩም ወረታ ሲደርስ የጎማው ሽቦ ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የተከሰተው ግጭት የመንገድ ጉዞን በተደጋጋሚ ማስተጓጎሉ ደግሞ በድንገት መውረድና መኪና መቀየር ለማይችል ተሳፋሪ ተጨማሪ ስጋት ሆኗል።

ከበሩ በኋላ

በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያለው የተዳፋት መወጣጫ ልክ አንድ ለ12 ነው። ይህም ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች ያሉት መግቢያ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስለሚኖረው የ7 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል። በብዙ ሕንፃዎች ደጃፍ የሚታየው፣ በደረጃው ጎን በሁለት ሜትር ርዝመት የተለሰነው ቁልቁለት ለቁጥጥር ይመች እንደሆነ እንጂ ለተጠቃሚው አይመችም። በገዛ ክንዱ የሚገፋ ሰው አይወጣበትም፤ ሲወርድም ወንበሩን መቆጣጠር ያቅተዋል።

ይህ ከተሟላ በኋላ የመቀመጫው ጉዳይ ይመጣል። በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕጓ የስፖርት አዳራሾችንም ይመለከታል። በሥራ ላይ ያለው ደረጃ 500 መቀመጫ ላለው አዳራሽ 6፣ 5 ሺህ መቀመጫ ላለው 36፣ 10 ሺህ መቀመጫ ላለው ደግሞ 61 የተሽከርካሪ ወንበር ቦታዎችን ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ለአጃቢ የሚሆን መቀመጫም መኖር አለበት። ቦታዎቹ በአንድ ጥግ ታጭቀው ሳይሆን በአዳራሹ ውስጥ ተሰራጭተው እንዲገኙ ይፈለጋል።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ግን በቁጥሩ ላይ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ከተማ ለዊዛርድስ የቅርጫት ኳስ ክለብ አዲስ አዳራሽ ሲገነባ፣ የአሜሪካ ሽባ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። የማኅበሩ አቤቱታ አባሎቹ ወደ አዳራሹ ቢገቡም ከፊታቸው ያሉት ተመልካቾች በተነሱ ቁጥር ሜዳው ይሰወርባቸዋል የሚል ነበር። ኳስ ወደ ቅርጫቱ ስትወረወር፣ ሰዓት ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ተመልካች ሁሉ ይነሳል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ለዚያች ቅጽበት ሲሆን፣ በወንበር ያለው ተመልካች የሚያየው የሰዎችን ጀርባ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ በ1997 በሰጡት ውሳኔ፣ ሁሉም ባይሆኑ እንኳ አብዛኞቹ የተሽከርካሪ ወንበር ቦታዎች ከፊት በቆሙ ሰዎች በላይ ማሳየት እንዳለባቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአገሪቱ የተሻሻለ ደረጃም የቆሙ ተመልካቾችን ግምት ውስጥ ያስገባ የእይታ መስመርን በግልጽ አካቷል።

የዋሽንግተኑ ክርክር ከነፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ሜዳ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። በትምህርት ቤት ሜዳ ተመልካቹ በመስመሩ ዙሪያ ቆሞ ነው የሚያየው። በሩ ሰፊ፣ ሜዳው ደልዳላ ቢሆን እንኳ፣ ዘግይቶ የደረሰ ባለ ወንበር ከቆመው ሰው ኋላ ይቀራል። ውጤቱን የሚያውቀውም ከጩኸቱ ነው።

የስታዲየሞች ሁኔታ

በአዲስ አበባ የቅርጫት ኳስ፣ የመረብ ኳስና የእጅ ኳስ ውድድሮችን ለረጅም ዓመታት ካስተናገዱ ሥፍራዎች መካከል ከአዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ የሚገኘው ትንሿ ስታዲየም ይጠቀሳል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ነዋሪዎች ቅርብ የሆነው ትልቅ የስፖርት ማዘውተሪያ የባሕር ዳር ስታዲየም ሲሆን፣ ይህም ዋና አገልግሎቱ ለእግር ኳስ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስታዲየሙ መሥፈርት አላሟላም በማለት ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ አግዶታል። በዚህም የተነሳ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር ያደረገውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በሜዳው ማድረግ ሲገባው በደቡብ አፍሪካ ለመጫወት ተገዷል። ከዚያ ወዲህ በስታዲየሙ የእድሳት ሥራ ተጀምሯል።

እገዳው በአገሪቱ ብዙ ቁጭት የፈጠረ ሲሆን፣ የውይይቱ ማዕከል የነበሩት የሣሩ ጥራት፣ የመልበሻ ክፍሎችና የተመልካች ወንበሮች ናቸው። የተሽከርካሪ ወንበር ቦታ ጥያቄ በዚያ ሁሉ ውይይት ውስጥ ጎልቶ አልተሰማም። እድሳት ግን ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የተሻለው ጊዜ ነው፤ መቀመጫ ከመተከሉ በፊት የሚተው ባዶ ቦታ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም፤ ከተተከለ በኋላ መንቀል፣ ማፍረስና እንደገና መለሰን ይመጣል።

በወንበር የሚጫወቱትስ?

ከተመልካቹ ጋር የሚነሳ ሌላ ጉዳይ ራሱ የተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ ነው። ስፖርቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው በተመለሱ ወታደሮች ሲሆን፣ በ1960 በሮም በተካሄደው የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ላይ ተካቷል። ሜዳው እንደ መደበኛው 28 በ15 ሜትር፣ የቅርጫቱም ከፍታ እንዲሁ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ሳያነጥር ጎማውን ከሁለት ጊዜ በላይ መግፋት አይፈቀድለትም። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጉዳቱ መጠን ከ1 እስከ 4 ነጥብ ተኩል የሚደርስ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ድምራቸው ከ14 መብለጥ ስለሌለበት ከባድ ጉዳት ያለበት ተጫዋች ለቡድኑ አስፈላጊ ይሆናል። በኢትዮጵያ ስፖርቱ እንዲስፋፋ ድጋፍ ካደረጉት መካከል የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ይገኝበታል።

ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ መሳተፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የመጀመሪያ ሜዳሊያዋን ወንድዬ ፍቅሬ በ2012 ለንደን ላይ በ1 ሺህ 500 ሜትር በብር አስገኝቷል። በቶኪዮ ትዕግስት ገዛኸኝ በተመሳሳይ ርቀት የመጀመሪያውን ወርቅ አምጥታለች። እነዚህ ድሎች በክንድና በማየት ጉዳት ምድቦች በሩጫ የተገኙ ናቸው። ለሩጫ ጫማና መንገድ ሲበቃ፣ የወንበር ስፖርት ግን ለአሥር ተጫዋቾች አሥር የስፖርት ወንበሮችን ይፈልጋል።

የአጀማመሩ ታሪክ ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም። ነፋስ መውጫና የደብረ ታቦር ዙሪያ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የጦርነት ቀጣና ነበሩ። በጦርነት አካላቸው የጎደለ ወጣቶች ለወንበርና ለሰው ሠራሽ አካል አገልግሎት ከሚሄዱባቸው ሥፍራዎች መካከል የባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አንዱ ነው። ብዙዎቹ ከጉዳታቸው በፊት በትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ የተጫወቱ ናቸው።

በትምህርት ቤት ሜዳ ሊደረግ የሚችለው

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ቅርብ የሆነው መፍትሔ ባሕር ዳር ላይ ሳይሆን በየከተማው ትምህርት ቤት ውስጥ ይገኛል። ከበሩ እስከ ሜዳው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በጠጠር ተደልድሎ የተጠቀጠቀና ውኃ የማያቁር መንገድ፣ መድረክ የሌለው የግቢ በር፣ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ክፍት የሆነ የመጸዳጃ ቤት በርና በውስጡ ወንበር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቦታ ዋነኞቹ ናቸው። እነዚህ በአካባቢ ድንጋይና በአካባቢ ግንበኛ የሚሠሩ ናቸው።

የእይታው ጉዳይ ደግሞ ከኖራ በቀር ምንም አይጠይቅም። አንድ ወንበር 90 ሳንቲ ሜትር፣ አጠገቡ የሚቀመጥ አጃቢ 60 ሳንቲ ሜትር ቢይዙ ለሁለቱ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። ሦስት ባለ ወንበሮች ከነአጃቢዎቻቸው 4 ሜትር ተኩል፣ ማለትም ከሜዳው የ28 ሜትር ጎን አንድ ስድስተኛ ያህል ይይዛሉ። ከመሐል መስመር አጠገብ ይህን ያህል ቦታ በኖራ ተከልሎ ፊቱ ማንም እንዳይቆምበት መምህሩ ወይም የተማሪዎች ሥርዓት አስከባሪ ቢጠብቀው፣ በዋሽንግተን ለዓመታት ያከራከረው ጉዳይ በዚህ ሜዳ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ከጎን መስመሩ ሁለት ሜትር ያህል መራቁ ከተጫዋች ጋር ከመጋጨት ያድናል።

ወደ ሩቅ ከተማ ተጉዞ ጨዋታ መመልከት የሚፈልግ ሰው ከመነሳቱ በፊት በስልክ ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። “ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ “አዎ” የሚል መልስ ስለሚያስገኝ ብዙም አይረባም። መግቢያው ስንት ደረጃ አለው፣ የመጸዳጃው በር ስንት ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ከፊት ያለው ሰው ሲቆም ሜዳው ይታያል ወይ ብሎ በቁጥር መጠየቅ ይሻላል። ጨዋታው ሲጠናቀቅ ሕዝቡ በአንድ በር ስለሚተም ቀድሞ መውጣት ወይም እስኪቀል መቆየት የሚበጅ ሲሆን፣ ለዚህም ከአጃቢ ጋር አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል።

ማታ የሚያልቅ ጨዋታ ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ወገዳ የመመለሻ መኪና ስለማያስገኝ ማደር ግድ ይሆናል። በአነስተኛ ሆቴሎች የመኝታ ክፍሉ በር ወንበር ቢያስገባም የመታጠቢያው በር ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው። የተለመደ የጎልማሳ ወንበር ከጎማ እስከ ጎማ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፣ ክፍል ከመያዙ በፊት የሆቴሉ ሠራተኛ በሩን በሜትር ለክቶ እንዲነግር መጠየቅ ይቻላል።